ለዚያ ሰውዬ ንገሪው

ጣት በምታህል የወይራ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ነጭ ክር አለኝ። ክር አልኩት እንጂ የፈረስ ጭራ ነው። ባለፈው ክረምት መጻሕፍቴን ከእርጥበት ላድን ብዬ አሮጌ ሣጥን ስገለብጥ ከሥሩ ወጣ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ አሁንም የፈረስ ላብና የኩሬ ጭቃ ይሸታል። ወይም እንዲሸት የፈለግኩት እኔ ነኝ። አፍንጫም እንደ ሰው ነው፤ ካባበሉት ያላየውን ይመሰክራል።

አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። «ድሮ ሰው ይዋደድ ነበር» የሚለውን ወሬ ፈልገህ ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቅ። እኔ የመጣሁት ከዚያው ከድሮው ነው። ያደግኩት ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት በሚያስመስልባት መንደር ነው። እዚያ ሰው ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ቂም ይይዛል። ገብሱ በውርጭ የሚመታበት ዓመት ነበር፤ በጉም በበሽታ የሚያልቅበት። ቂሙ ግን አንድም ዓመት ተመትቶ አያውቅም።

አባቴና ታላቅ ወንድሙ አይነጋገሩም ነበር። ምክንያቱ ኩሬው ነው። አያቴ ለሁለቱ በጋራ ያወረሷቸው የሣር መስክ ነበር፤ ረባዳ፣ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት። የግብርና ሰዎች መጥተው አንድ ስብሰባ ጠሩ፤ ከዚያ ቆፈሩት፣ ገደቡት፣ ውሃው ሲሞላም በበርሜል ትናንሽ ዓሣ አምጥተው ለቀቁበት። ካርፕ ይባላል አሉ፤ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ብርድ አይፈራም። አባቴ ይህን ሲሰማ «እንደኛው ነዋ» አለ። የበላው ሰው ግን አልነበረም። መንደሩ በግ ያርዳል እንጂ ከውሃ የወጣ ነገር አፉ አያስጠጋም።

አጎቴ «መሬቱን የሰጣቸው እሱ ነው፤ ስብሰባው ላይ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ» ይሉ ነበር። አባቴም በአጎቴ ላይ ያንኑ ይል ነበር። እናቴ ስብሰባው ላይ ነበረች፤ እንደ እሷ አባባል ማንም ማንንም አልጠየቀም። ይህን ግን ሁለቱም መስማት አይፈልጉም። ከቁጥር ሳይገቡ መቅረት ባዶ ውርደት ነው፤ በወንድም መካድ ግን ወግ ያለው በደል ነው፣ ተቀምጠው ሊያብሰለስሉት ይቻላል። ስለዚህ መካዱን መረጡ።

የተኳረፈ ሰው ዝም ይባባላል ብለህ ታስብ ይሆናል። ያ ለከተማ ሰው ነው። በኛ አገር ቂም ያላቸው ሰዎች እንደውም አብዝተው ያወራሉ፤ በመሐል ግን ሰው ያቆማሉ። እዚያ መሐል የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ እግሬ ፈጣን፣ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ «ይቺ ልጅ ምላሷ ነው የሚያጠፋት» የምባል ልጃገረድ።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው። አባቴ ወታደር ሳለ ዝዋይ ዳር ከርሟል፤ ዓሣ ሲጠመድ አይቷል። አይቷል እንጂ አልጠመደም፤ ልዩነቱ የገባን ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ «በመሬቴ ላይ የሚዋኘውን አወጣዋለሁ» አለ። እናቴ «አውጣው፤ በጾም ግን ከኔ ድስት አይገባም» አለችው። እሱ ድስት መች አማረው። የፈለገው ሌላ ነው፦ ኩሬው ዳር እንደ ባለቤት ቆሞ መታየት፤ የሚያየውም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከመርሐቤቴ ቆላ የወጣ ረጅም ሸምበቆ ከገበያ ይዞ መጣ። የጆንያ መስፊያ መርፌ ፍም ውስጥ አግሎ በጉጠት አጠፈ። ከአረቄ ጠርሙስ ቡሽ ነቅሎ ተንሳፋፊ አደረገው፤ ከአሮጌ ጥይት እርሳስ አውጥቶ ክብደት አበጀ። ለማጥመጃ በሶ በውሃ ለወሰ፣ ጠጠር አድርጎ። በሶውስ ትክክል ነበር። የመንዝን ውሃ ጠጥቶ በሶ የማይወድ ፍጡር የለም። ችግሩ ክሩ ነበር።

መጀመሪያ እናቴ ለባና፣ ለወፍራሙ የብርድ ልብሳችን፣ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ሞከረ። ውሃ ጠጥቶ አበጠና እንደ ሞተ እባብ ከታች ተኛ። ቀጥሎ የስፌት ክር ደራርቦ ገመደ፤ የመጀመሪያው ካርፕ በጠሰው፣ መንጠቆውንም ይዞት ሄደ። ቡሹ ብቻውን ውሃው ላይ ሲሽከረከር ትዝ ይለኛል። ከማዶ ድንጋይ ላይ ባናቸውን ተከናንበው የተቀመጡት አጎቴ ሳል የሚመስል ነገር አሰሙ። ሳል አልነበረም።

«አንቺ ልጅ» ብለው ጠሩኝ። ኩሬውን ዞሬ ሄድኩ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ በሁዳዴ ዓሣ የሚጎትት ሰው ነፍሱን ነው ወደ ሲኦል የሚጎትተው።»

ልብ በል፣ ኩሬው ጠባብ ነው። ከአንዱ ዳር ያነጠሰ ሰው ከሌላው ዳር «ይማርህ» ይባላል። አባቴ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ሆኖም እኔ ጭቃውን እያቦካሁ ዞሬ እስክደርስ ድረስ እንዳልሰማ ሆኖ ጠበቀኝ።

«ምን አለ?»

ነገርኩት። ገና አሁን የሰማ ይመስል ፊቱ ተቆጣ። «ንገሪው ለዚያ ሰውዬ፤ የኔን ነፍስ ትቶ የራሱን ይጠብቅ። እሱ ጋማ ሲያበጥር ነው ዕድሜው ያለቀ።»

እንዲህ ሆነን ነው ግማሹን ጾም የጨረስነው። ዛሬ ሰዎች ስለ መግባባት ጥበብ ሲያስተምሩ ስሰማ እግሬን ያመኛል።

ከዚያ አባቴ የፈረስ ጭራ ትዝ አለው። «ማሲንቆ ላይ ተወጥሮ ሰው የሚያስለቅስ ጭራ ዓሣ ያቅተዋል?» አለ። እኛ ያለችን ዳማ ባዝራ ነበረች። ከጭራዋ ነጭቶ፣ ጭኑ ላይ እያንከባለለ ገመደና ሞከረው። ሸምበቆው ጎበጠ፣ አባቴም «ያዝኩት» አለ። ወዲያው ክሩ ከመሐሉ ተበጠሰ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አጎቴ። ዞርኩ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የባዝራ ጭራ ሽንት የበላው ነው፣ አይዝም። የድንጉላ ጭራ ነው የሚያዋጣው። ነጭ ደግሞ ይሁን፤ ነጩ ውሃ ውስጥ አይታይም።»

አባቴ ይህን ስነግረው የተበጠሰውን ክር ከሸምበቆው ጫፍ ይፈታ ጀመር። በመንደሩ ነጭ ድንጉላ አንድ ብቻ ነበር፤ የአጎቴ አምባላይ፣ ለጥምቀት ጉግስ ሲወጣ ልጃገረዶች ከጋላቢው ይልቅ እሱን የሚያዩት። ጭራው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። አጎቴ ያበጥሩታል፣ ያጥቡታል። ለልጆቻቸው ያላደረጉትን።

«ንገሪው» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ከሱ ፈረስ ጭራ ከምለምን የራሴን ፂም ነጭቼ ባጠምድ ይሻለኛል።»

ዞሬ አደረስኩ። አጎቴ ወደ ማዶ አሻግረው አዩ። «ፂሙ አጭር ነው በይው።»

በማግሥቱ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወርድ በአጎቴ በረት በኩል አለፍኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። አምባላዩ በር ላይ ታስሮ ትንፋሹ ይጤሳል፤ አጎቴ ከኋላው ማጭድ ይዘው ቆመዋል። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ጭራውን በግራ እጃቸው ሰብስበው ያዙ፣ ሁለት ጊዜ ተንፈስ አሉ፣ ከዚያ ቆረጡት። ማጭዱ ጭራውን ሲያልፍ የደረቀ ሣር የሚታጨድ ይመስል ድምፁ ተሰማኝ።

ምን እንዳደረጉ ይግባህ። በኛ አገር የፈረስ ጭራ የሚቆርጥ ደመኛ ነው። ማንም የማይክሰው ስድብ ነው፤ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ይዞ አደባባይ የወጣ ሰው ሱሪውን ረስቶ ከወጣው ይበልጥ ይሳቅበታል። አጎቴ ያንን ስድብ በገዛ እጃቸው በራሳቸው ላይ አደረጉት።

«ያዢ» አሉኝ። «ለዚያ ሰውዬ ስጪው። ክር አጣሁ ብሎ እንዳያመካኝ። ምክንያት አጥቶ ሲዋረድ ላየው ነው።» ፊታቸውን ግን ወደ ፈረሱ አዙረው ነበር።

አባቴ ጭራውን ሲቀበል ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ምን እንዳሉ ብቻ ጠየቀ፤ ነገርኩት። «ተንኮለኛ» አለ። እስኪመሽ ጭኑ ላይ ሲያንከባልለው ዋለ፤ አንዱንም ዘለላ አላበላሸም።

ያ ክር ያዘ። በማግሥቱ አባቴ ክንድ የሚያህል፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ናስ የሚያበራ ካርፕ ከነጭቃው አወጣ። በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ወደ ማዶ ዞረ። ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«አንቺ ልጅ። ትንሽ ነው በይው።»

አባቴ መልእክቱ ዞሮ እስኪደርስለት ጠበቀ። ከዚያ ዓሣውን ከመንጠቆው ፈትቶ መልሶ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። በሕይወቴ ያየሁት ደስተኛ ሰው ያ ነው።

ግን ፈረስ ውሃ ይጠጣል። ፈረሱ ወንዝ ሲወርድ መንደሩ አየው፤ በአባቴ ሸምበቆ ላይ የተወጠረውን ነጭ ክርም አየ። ሁለትና ሁለት መደመር የሚችል ሰው ሁሉ ደመረ። የአጎቴ ትልቁ ልጅ፣ ወሬው እንደደረሰው፣ «ያችን ጭራ የቆረጠች እጅ ከትከሻዋ ትወርዳለች» ብሎ በአደባባይ ማለ። የሚምል ዓይነት ልጅ ነበር፤ የሚፈጽምም። እናቴ ያን ሌሊት በሩን በግንድ ደግፋ አደረች።

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። የአጎቴ ልጅ በጋቢው ውስጥ እጁን ደብቆ ቆሟል። የንስሐ አባታችን አባቴን ጠየቁት። «እውነቱን ተናገር። የወንድምህን ፈረስ ጭራ የቆረጥከው አንተ ነህ?»

እውነቱን የምናውቅ ሦስት ነበርን። እኔን የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ሴት ልጅ መልእክት ታመላልሳለች እንጂ አትመሰክርም። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። እሳቸው «ሰጠሁት» ከሚሉ ሞት ይሻላቸው ነበር። አባቴ «እኔ አይደለሁም» ቢል ደግሞ ክሩን ከየት አመጣኸው ይባላል፤ ከዚያ ሰውዬ ተቀበልኩ ማለት ሊኖርበት ነው። ነጠላውን አስተካከለ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

የአጎቴ ልጅ እጁ ከጋቢው ወጣ። የያዘውን ሁላችንም አየን። እናቴ ጮኸች።

ያን ጊዜ አጎቴ ተነሡ። እኔን ፈልገው ዓይናቸው ወደ ሴቶቹ መጣ፤ ልማድ ነው። ራቅ ብዬ ቆሜ ነበርና አላገኙኝም። ኩሬም የለም። ወደ አባቴ ዞሩ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት።

«ውሸታም» አሉት።



«አንተ ምን ወኔ አለህና ነው የኔን ፈረስ ጭራ የምትቆርጥ? እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በማጭዴ። አንተ ክር እንኳ ገምደህ የማታውቅ።»

 የአባቴ ፊት ቀስ ብሎ ሲፈታ አየሁት። «ውሸታሙስ እርስዎ ነዎት፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «ስብሰባው ላይ ራስዎን አልነቀነቁም?»

«እኔ? ዝንብ ሳባርር ነው።»

«በዚያ ብርድ ምን ዝንብ አለ?»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀጠሉ። ሽማግሌዎቹ ጣልቃ የሚገቡበት ቀዳዳ አጡ፤ አንዱ እንደውም አንቀላፋ። የአጎቴ ልጅ የያዘውን መልሶ ሸሽጎ፣ አፍሮ ወደ በጎቹ ሄደ።

ታረቁ እንዳትለኝ። አልታረቁም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከኩሬው ዳርና ዳር እየተሰዳደቡ ነው የኖሩት፤ ግን በቀጥታ። አባቴ ያወጣል፣ አጎቴ «ትንሽ ነው» ይላሉ፣ አባቴ ይለቃል። እኔም ሥራ ፈትቼ ለትምህርት ወደ ዓለም ከተማ ወረድኩ። አሁን ኩሬው በደለል ተሞልቶ ከብት ይግጥበታል። ሆቴሉ ሁሉ በሁዳዴ ዓሣ ይጠብሳል፤ ስለ ነፍስ የሚከራከር አንድም ሰው አላየሁም። መሻሻል ነው ይላሉ።

አባቴ ትምህርቴን ሳልጨርስ በሳንባ ምች ሞተ። ለቀብሩ መጣሁ። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ አጎቴ አምባላዩን በልጓሙ ይዘው ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ነበር። እኔ ከግርጌው ነበርኩ። በመሐላችን አንድ ሰው የሚተኛበት አፈር።

«አንቺ ልጅ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አሉ። የፈረሱን ጭራ በእጃቸው አንሥተው መልሰው ለቀቁት። «ጭራው በቅሏል በይው። እንደ ድሮው።»

  እግሬ እንደ ልማዱ ዞሮ ሊያደርስ ተነሣ፤ የሚዞርበት ማዶ ግን አልነበረም።