የጸናጽሉ ካሴት

በዚያ ሰውዬ ካሴት ምክንያት ያልተጨቃጨቅሁት ሰው ጎንደር ውስጥ የለም ብል ብዙም አላጋነንሁ። ስሙን አልጠራም፤ ያኔም አንጠራውም ነበር። «ሰውየው» ነበር የምንለው። «ሰውየው አዲስ አወጣ» ሲባል «የቱ ሰውዬ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ የእኛ ወገን አልነበረም ማለት ነው።

የሚጫወተው ክራር ነው፤ ግን ክራሩን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ እንደ ልቡ ያስጮኸዋል። አንዱ ካሴት ላይ የወፍጮ ቤት ሞተር ያጅበዋል። ሌላው ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመታ ዝናብ አለ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ዝም ብሎ ይጠብቅና አንዲት ክር ብቻ ነካ ያደርጋል። ዘፈን የለውም። ግጥም ስለሌለው ሳንሱሮቹ የሚቆርጡት ነገር አጥተው ይሆን እንጃ፣ ሌላው በዓመት አንድ ካሴት ለማውጣት ሲያምጥ እሱ አንዱን ሰምተን ሳንጠግብ ሌላውን ይልክልናል። እናቴ ከኮላ ድባ በመጣች ቁጥር ቴፑን ገልመጥ አድርጋ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ ሰውየውን አሞት ነው ትለኝ ነበር። ሁለቱም አይደለም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ተውሁት።

እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ስንለቀቅ ፒያሳ፣ አንድ የጣሊያን ፎቅ ላይ ባለች ሙዚቃ ቤት እንገናኛለን። አራት ነን። ባለሱቁ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ፣ ከካሴቱ ይልቅ ስለ ሽፋኑ የሚጨነቅ ሰው ነው። ሹፌሩ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ስለሆነ «አያ» እንለዋለን፤ የአዲ አርቃይ ሰው ነው፣ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ይሄድና ሲመለስ የሰውየውን አዲስ ካሴት በደረት ኪሱ ይዞልን ይመጣል። መምህሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ያን ጊዜ ቢነኩት አይሰማም። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሆስፒታል መርፌ ክፍል የምሠራ ድሬሰር። ከሦስት ወንድ ጋር ምን ትሠራለች ብሎ ያላነሳኝ የሰፈር ሰው አልነበረም። ያውሩ አልሁ። የወፍጮ ሞተር ልትሰማ የምትሄድ ሴት ምን ሊሏት ነው?

ካሴቶቹን በሽፋናቸው ላይ ባለው ስም አንጠራቸውም፤ «የወፍጮው»፣ «የዝናቡ»፣ «የጸናጽሉ» እያልን ራሳችን ስም አውጥተንላቸዋል። የሚያጣላን ደግሞ ዋናው ነገር ድጋሚ ህትመቱ ነበር። አሳታሚው የቆየውን ካሴት አዲስ ሽፋን ያለብስና መልሶ ያወጣዋል፤ አንዳንዴ አንዱን ዜማ ያሳጥራል፣ አንዳንዴ ቅደም ተከተሉን ያቀያይራል። ለአያ ጥሩ የሚባለው የመጀመሪያው ህትመት ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ንግድ ነው። ባለሱቁ አዲሱ ድምፅ ይጠራል ብሎ ይሟገታል። መምህሩ ጠመኔ ያወጣና የሱቁ በር ላይ መስመር እየሳለ ያስረዳናል፤ ካሴት ከካሴት ላይ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ ይቆያል። ባለሱቁ ማታ ማታ በሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ ይሳደባል።

መምህሩ በዚያ ዓመት ሳንባውን ታሞ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ሆስፒታል ይመጣል፣ መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ። ሳሉ ለቆት ነበር፣ ክብደትም ጨምሯል። እኔ መርፌ እያዘጋጀሁ እሱ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ እሑድ ያላለቀውን ክርክር እንቀጥላለን። እውነቱን ልናገር፣ እወደው ነበር። እሱ አያውቅም፣ ቢያውቅም አያስታውቅም። እኔም ስለ ካሴት እያወራሁ ቀኔን እገፋለሁ።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የጸናጽሉን ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ረዥም የክራር ዜማ አለ፤ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ፣ ቅዳሴ ካለበት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆሞ እንደሚሰማ፣ ጸናጽል ይመጣል። በጣም ቀጭን ነው፤ አንድ ሰው ወንበሩን ቢያንቋቋ ያመልጣል። ክራሩ ከጸናጽሉ ሥር ወደ ጀመረበት ይመለስና አብረው ያልቃሉ። የባለሱቁን የመጀመሪያ ህትመት ቴፑ በልቶት ነበር፤ የለቅሶ ቤት ያህል ነው ያዘንነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ አያ የጸናጽሉ እንደገና ታተመ ብሎ ካሴቱን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ፣ ባለሱቁ ደንበኛ አስወጥቶ በሩን ዘጋ።

ሰማነው። ክራሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ጸናጽሉ መጣ። እኔ ሰውነቴን ወረረኝ። መምህሩ ግን ዜማው ሲያልቅ ዓይኑን ከፈተና ቆርጠውታል አለ። ጸናጽሉን አውጥተውታል፣ እነዚህ ሌቦች።

ሦስታችንም ተያየን። አያ አለ እንጂ፣ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ቀረብ ብሏል አለው። መምህሩ አልሰማም አለ። መልሰን አጫወትነው፤ እኛ ሰማን፣ እሱ አልሰማም። ያሾፉብኛል ብሎ ተቆጣ፤ ባለሱቁ ደግሞ የቴፑን ክብር ለማስጠበቅ ተቆጣ። በመጨረሻ የቴፑ «ሄድ»፣ ካሴቱን የሚያነበው ብረት፣ ቆሽሿል ተባለና እኔ ከሆስፒታል ባመጣሁት አልኮል በጥጥ አጸዳነው። ባለሱቁ ሄዱን የያዘችውን ብሎን ወዲያ ወዲህ እያላወሰ ድምፁን ለማስተካከል ሞከረ። መምህሩ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ፣ የለም፣ አሁንም የለም ይላል።

እኔ ቤት አንድ ቅጂ ነበረኝ፤ ከባለሱቁ የመጀመሪያ ህትመት ላይ፣ ቴፑ ሳይበላው በፊት የተቀዳ። በሚቀጥለው እሑድ ይዤ ሄድሁ። ይሄ ይለየናል አልሁ። ጸናጽሉ የሚመጣበት ሲደርስ ካሴቱን ትቼ እሱን አየሁት። ጸናጽሉ መጣ፣ ተንሿሿ፣ አለቀ። ፊቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዞር ብሎ፣ አያችሁ፣ ካንቺም ካሴት ላይ ጠፍቷል፣ ቅጂ ስለሆነ ነው፣ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ነው አላልኋችሁም ነበር አለን።

ባለሱቁ ሊስቅ ሲል አያ እግሩን ረገጠው። ስንወጣ መምህሩ ደረጃውን ግድግዳ ይዞ ነበር የሚወርደው። አያ ሰሞኑን ሁሉ ጠጅ ቀምሰህ ነው እያለ ይቀልድበት ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ያ መርፌ አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ እንደሚነካ፣ ሚዛን እንደሚያስት ተምሬያለሁ። ጸናጽሉ ያለው ካሴቱ ላይ ነው፤ የጠፋው ከመምህሩ ጆሮ ነው። ጠመኔ ይዞ በር ላይ የሳለልንን መስመር አስታወስሁና እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ሲቀመጥ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጥሁት። ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ፤ የሰውየው አዲስ ካሴት ነው አለኝ። እስክትነግረኝ አልወጋህም አልሁት። ያኔ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ወረደ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ይጮሃል፤ ሲዞር ወለሉ አብሮት ይዞራል፤ ተማሪዎቹ ከኋላ ወንበር ሲንሾካሾኩ አይሰማም።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አልሁት።

«መርፌው ቢቋረጥ ሳንባዬን ፈራሁ» አለ። «ደግሞ ሰውየውን የማልሰማ ከሆነ፣ እናንተ ጋ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

እጁን ይዤ ዶክተሩ ጋ ወሰድሁት። ዶክተሩ ሹካ የመሰለች ብረት እያስጮኸ በግራ በቀኝ ጆሮው አቀረበለት፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አስሄደው። መርፌው የዚያኑ ቀን ቆመ፣ በኪኒን ተተካ። የቀረው ጆሮ ይተርፋል፣ መንገዳገዱም ቀስ በቀስ ይሻላል አለው፤ የሄደው ግን አይመለስም። ዶክተሩ ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ኮሪደር ላይ የተቀመጡት በሽተኞች ሁሉ ሰሙ።

መምህሩ ከዚያ ወዲያ ፒያሳ መምጣቱን ተወ። ኪኒኑን ለመውሰድ ሲመጣ ደህና ነኝ ይላል፣ ሰላም በይልኝ ይላል፣ ይሄዳል። የሰውየው አዲስ ካሴት ወጣ፤ ስነግረው ጥሩ ነው አለኝና ስለ አየሩ አወራኝ። ስለ አየር! ከእኔ ጋር ስለ አየር አውርቶ አያውቅም። ከጆሮው ይልቅ ይሄ አንጀቴን በላው። ሰውየው ባይኖር እኔና እሱ የምንነጋገርበት ሌላ ነገር እንደሌለን ያን ቀን ገባኝና ፈራሁ።

ለአያና ለባለሱቁ ከመናገር ሌላ መላ አልነበረኝም። አያ ተናደደ። «ሰው በጆሮው ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብሎ እንደ ጥፋተኛ እኔ ላይ አፈጠጠ። ባለሱቁ ግን አንድ ሐሳብ አመጣ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። አንድ ሰው ላይ ብቻ ከሚጎድል ሁላችንም ላይ ይጉደል አለ። የጸናጽሉን እሱ ራሱ እንደገና ይቀዳዋል፤ ጸናጽሉ ሊመጣ ሲል ድምፁን ቀስ አድርጎ ዝቅ እያደረገ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ይሄ ቤት ውስጥ የሚሰማው ያ ብቻ ይሆናል። ስለ ቅጂ ጥራት ሌሊት የሚቃዠው ያ ሰው፣ በገዛ እጁ ካሴት ሊያበላሽ ተነሳ። ሽፋን ሁሉ ሠራለት።

አያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማኪናውን አቁሞ ጠብቆ መምህሩን ጋቢና አስገብቶ አመጣው። መምህሩ ቅር እያለው የድሮ ቦታው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ባለሱቁ ሌላ ህትመት ተገኝቷል፣ ስማውና ፍረድ ብሎ ካሴቱን ከተተ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ፣ አገጩን ቀና አደረገ። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ክራሩ ሲሄድ በጉልበቱ ላይ በጣቱ አብሮት ይሄዳል። ሦስታችን ካሴቱን ሳይሆን ጣቱን እናያለን። ክራሩ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ጣቱ ግን አላቆመችም፤ ብቻዋን ትንሽ ሄደች፣ ከዚያ ቆመች።

«ክራሩ ገና ቤቱ አልገባም» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ማነው የቆረጠው?»

ባለሱቁ የቴፑን ቁልፍ ያጸዳ ጀመር፣ አያ በመስኮት ማኪናውን ያይ ጀመር። ለካ ጸናጽሉን እናወጣለን ስንል ከሥሩ የሚመለሰውን ክራር አብረን ቆርጠናል። ያን ክራር ደግሞ እሱ ከማናችንም የበለጠ ያውቀዋል። ዓይኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አየን። የሠራነው ሲገባው ፊቱ መጀመሪያ ተኮማተረ፤ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቀ፣ እንባ እስኪወጣው ሳቀ፣ አሁንስ አሳታሚውን በለጣችሁት አለን። ባለሱቁ አፍሮ ካሴቱን አወጣውና ሙሉውን ከተተ።

«ሲመጣ ንገሪኝ» አለኝና እጁን ጉልበቴ አጠገብ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው።

ክራሩ ሄደ። ጸናጽሉ ከሩቅ ሲጀምር መዳፉ ላይ በጣቴ ጫፍ እየመታሁ ተከተልሁት፤ ሲፈጥን ስፈጥን፣ ሲዘገይ ስዘገይ። አንዳንዱን ስቻለሁ። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አገጩ ቀና ብሏል፣ ጥርሱ ይታያል። ክራሩ ቤቱ ገባ፤ ጸናጽሉም አለቀ። ባለሱቁና አያ ወዲያው የሽፋኑን ፎቶግራፍ አንስተው መከራከር ጀመሩ።

እኔ መምታቴን አላቆምሁም። የዚያን ዜማ ርዝመት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰውም አልቋል አላለኝም።