የኮሼ የዓርብ መርፌ

ኮሼ አንጋሎ በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ገበያው ጀርባ ባለችው ክሊኒክ ነርስ ነበረች። እጇ ቀላል ነው፤ መርፌ የሚፈሩ አሮጊቶች ሳይቀሩ እሷ ካልመጣች ልብሳቸውን አይገልጡም ነበር። ቤተሰቧ ከኑባ ተራሮች ሸሽቶ ካርቱም ዳር ሲሰፍር ታናሽ ወንድሟ ቱቱ ገና በጀርባ የሚታዘል ሕፃን ነበር። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት።

ቱቱ ሲጎረምስ የኑባ ትግል መግጠም ጀመረ፤ ስሙም "አዞው" ሆነ። ዓርብ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሜዳው ሰው በሰው ይሆናል። ቱቱ አሸዋ ዘግኖ መዳፉን እያሻሸ ሲገባ ኮሼ ከሴቶቹ መሃል እልልታውን ታቀልጠዋለች። ጥሎ በሰው ትከሻ ላይ ሲዞር ደግሞ "ያሳደግኩት እኔ ነኝ!" እያለች የማታውቀውን ሰው ሁሉ ትነካካ ነበር።

አንድ ክረምት ጉልበቱ ዞረና እንደ ሐብሐብ አበጠ። የክሊኒኩ ሐኪም ሕመምና እብጠት የሚያበርደውን የዲክሎፌናክ መርፌ ለጥቂት ቀን አዘዘለት፤ ትግሉንም ለጊዜው ተው አለው። መርፌው እንደ ተአምር ነው የሠራው። ዓርብ ሲደርስ ቱቱ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

"እህት ዓለም፣ አንዲት መርፌ ብቻ።"

"ሐኪሙ ተው አላለህም?"

"ሐኪሙ ምን ያውቃል? ያ የኡም ባዳ ሰፈሩ ታጋይ ወጠምሻ 'አዞው አንካሳ ሆነ' እያለ ገበያውን ሲያዳርስ ነው የሰነበተው።"

"ያውራ! አፉ ይድከመው።"

"እሺ፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ይወጋኛል። እሱ ደግሞ ያለ ቦታው ወግቶ ሽባ ካደረገኝ አንቺው ነሽ የምታዝይኝ።"

ኮሼ ሳቀች። ስቃ ወጋችው።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ እሷም ትወጋዋለች። በዚያ ሐሩር ሆዴ ይከብደኛል እያለ ውሃ ሳይጠጣ ይታገላል። በመሃሉ ደግሞ ከሷ ተደብቆ የዚያኑ መድኃኒት ክኒን ይደርብበታል። ጠዋት ጠዋት ፊቱ እብጥ ብሎ ስታየው "እንቅልፍ አብዝተህ ነው" አለችው። ነርስ ናት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሽንትህ እንዴት ነው ብላ ትጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ጥሎ በሰው ትከሻ ላይ እንዳለ አስመለሰው። ሰዉ የድካም መስሎት ነበር። ሽንቱ ጠፍቶ መተንፈስ ሲያቅተው ግን ሆስፒታል ወሰዱት። ሱዓድ የምትባል ሐኪም "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ብላ ጠየቀችው።

"ኧረ እኔ! ራሴን ቢያመኝ እንኳ ሻይ ነው የምጠጣው" አለ ቱቱ፣ የኮሼን ዓይን ሳያይ።

እህቱን ከሥራ እንዳያስባርር ብሎ ነው። ኮሼም የነርስ ልብሷን እንደለበሰች አጠገቡ ቆማ ውሸቱን አላረመችም። የደም ምርመራው ውጤት ገና ሳይመጣ ቱቱ ጉልበቴን አመመኝ አለ፤ ተረኛዋ ነርስ ሲሪንጅ ይዛ መጣች። ኮሼ ከሩቁ የዲክሎፌናኩን ብልቃጥ አወቀችው።

"ተይ! እሱን አትውጊው! ይሄን ሁሉ ጊዜ ስወጋው የኖርኩት እኔ ነኝ።"

ቱቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "ለመናገር ምን አስቸኮለሽ?" አለ በቀስታ።

ውጤቱ ሲመጣ ኩላሊቱ ከሥራ ውጪ ሆኗል። ዶክተር ሱዓድ አልጮኸችባትም። "መርፌው ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል። ላቡም፣ ውሃ ጥሙም፣ ተደብቆ ይወስድ የነበረው ክኒንም አለበት፤ አንቺ ብቻ ነሽ አልልም። ግን አንቺ እኮ ነርስ..." ብላ ተወችው።

ኮሼ አንዱን ኩላሊቷን ልትሰጠው ለመነችው። "አሁን ደግሞ አንቺን በቁምሽ ልከፋፍልሽ?" ብሎ እምቢ አለ። በየሳምንቱ የኩላሊት እጥበት እየወሰደችው፣ የሚጠጣውን ውሃ በብርጭቆ እየለካች ኖሩ። ዓርብ ሜዳው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጦ ታጋዮቹን ይተርባል፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ እልል ብላ አታውቅም። ክሊኒክም መርፌ ስጪኝ የሚላትን ሁሉ ውሃ ትጠጣለህ ወይ፣ ማን አዘዘልህ እያለች ስለምታፋጥጥ "ኮሼ ፖሊስ ሆነች" ይሏት ነበር።

አንድ ቀን ከእጥበት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ "ቱቱ፣ ለምን አንዴ እንኳ አትሰድበኝም?" አለችው።

"ሰድቤሽ ብታኮርፊ ከማን ጋር ልኖር ነው?" አላት።

ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ የእጥበት ማሽኖቹ ቆሙ። ቱቱ ብዙም አልቆየ። እኛ ጎረቤቶቹ የቀበርነው እዚያው ሰፈር ነው፤ መንገዱ በተኩስ ምክንያት ስለማይታለፍ ታጋይ ጓደኞቹ እንኳ ሁሉም አልመጡም።

አሁን ሸሽተን ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የተፈናቃዮች መጠለያ ነው ያለነው፤ እዚህም እኔና ኮሼ ጎረቤት ነን። መጠለያው ውስጥ ነርስ ተፈልጎ ሲለምኗት ቁስል ታጥባለች፣ ሕፃናት ትመዝናለች። መርፌ መውጋቱን ግን ለሌላ ነርስ ትተዋለች። "እጄ ቀላል ነበር" አለችኝ ባለፈው፣ ልብስ እያጠብን። "ከብዶ ቢያመው ኖሮ አይመላለስም ነበር።"