በሆድ መቁጠር

ልጃችንን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ላስተምራት ስል ባለቤቴ የተስማማችው ሳትወድ ነው። እሷ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እኔ ታክሲ የምነዳው ማታ ማታ ስለሆነ ቀኑ የኔ ነው። በኛ ስቴት ቤት የሚማር ልጅ ሦስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ይፈተናል። ልጅቷ ሒሳቡን ካበላሸች በነሐሴ ትምህርት ሲከፈት ትመለሳለች አለችኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሺ አልኩ።

እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ማስተማር ብቻ ነው፤ በጩኸት። ክላርክስተን ባለችው ጠባብ ሳሎናችን እየተንጎራደድን የማባዛት ሰንጠረዡን እንደ ዘፈን እናወርደው ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ስላት ሶፋው ላይ ዘላ ትወጣና ሃምሳ ስድስት ብላ ትጮሃለች። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያሳለፍኩት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ፈተናው ሲቃረብ የመለማመጃ ወረቀት ሰጥቻት፣ ሰዓት ይዤ፣ ትንፍሽ እንዳትይ አልኳት። ጊዜው ሲያልቅ ግማሹ ባዶ ነው። ምን ሆነሽ ብላት፣ ድምፅ ከሌለ ቁጥሩ አይመጣልኝም አለች።

ዝም ብሎ መሥራት እንዴት እንደሆነ ላሳያት ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ራሴ ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ከንፈርህ ሙቭ እያደረገ ነው።"

እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እያነበነብኩ ስቆጥር ኖሬ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ተማሪ ሆንን። ፊት ለፊት ተቀምጠን በሆዳችን መቁጠር ተለማመድን፤ ያነበነበ ተነስቶ ሳህን ያጥባል። እሷ ቀስ በቀስ አፏን ገጥማ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መጨረስ ቻለች። ሳህኑን ያጠብኩት በአብዛኛው እኔ ነኝ።

የፈተናው ቀን ስቶን ማውንቴን ወዳለ አዳራሽ ወሰድኳት። በመስታወቱ በር ሳይ ጉንጯን ነፍታ፣ አጎንብሳ ትጽፋለች። እኔ ውጭ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደድኩ። ከወጣች በኋላ ግን መኪና ውስጥ ያስታወሰችውን ጥያቄ ሁሉ እየጮኸች ደገመችልኝ፤ እኔም አብሬያት ጮህኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ባለቤቴ ስልኳን ደጋግማ አየችው። በጣም ጥሩ ነበር፤ እልል ልበል ልበል አለኝ። እሷ ግን ወደ ልጅቷ ዞራ፣ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ከፈለግሽ ትምህርት ቤት መመለስ ትችያለሽ አለቻት። ይሄ እንኳ በውላችን አልነበረም። ላባብላት እየቃጣኝ እንደምንም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ያለሷ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽልኝ አላውቅም።

ልጄ አየት አደረገችኝ።

"እኔ ከሄድኩ አባዬን ማን ያስጠናዋል? እሱ እኮ አሁንም ዝም ብሎ መሥራት አልቻለም።"

ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"በይ እስኪችል ድረስ ታገሺው" አለቻት።