የደነዘዘው ከንፈር

ደባርቅ ውስጥ ጥርስ ማከም በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የዜማ መምህር ከደረስጌ መጡ። ግራ ጉንጫቸው አብጧል፤ ሳምንት ሙሉ እህል አላኘኩም። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸው እስከ ሥሩ በስብሷል።

ከዚያ ጥርስ ሥር አጠገብ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ቀጭን ቦይ አለ። ታችኛው ከንፈርና አገጭ የሚሰማቸው በዚያ በሚያልፈው ነርቭ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሥሩና ነርቩ ይነካካሉ። ይህን የሚያሳየው ራጅ ነው፤ የእኛ ራጅ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል።

«የኔታ፣ ጎንደር ሄደው ራጅ ቢነሱ ይሻላል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ የደረስኩት በስንት መከራ ነው። አንቺው ንቀዪልኝ።»

እሺ አልኩ። ከንፈርዎ ሊደነዝዝ ይችላል ማለት ነበረብኝ። የሚፈሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ስነቅል ሥሩ ተሰበረ። ስባሪውን ለማውጣት መሣሪያውን ወደ ውስጥ ስገፋ፣ ማደንዘዣ ተወግተው እያለ እንኳ መላ ሰውነታቸው ዘለለ። ነርቩን እንደነካሁት ያኔውኑ ገባኝ። ለእሳቸው ግን «አለቀ፣ የኔታ» ብቻ ነው ያልኩት።

ከአራት ወር በኋላ ተመለሱ። ከንፈራቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ትኩስ አጥሚት ሲጠጡ ተቃጥለው አላወቁትም።

«የሌላ ሰው ከንፈር የተለጠፈብኝ ይመስለኛል» አሉኝ። «ምራቄ ሲወርድ ተማሪዎቼ ናቸው የሚያዩት። ዜማውም ቃሉ ይላላብኛል።»

ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነግሬ ከንፈራቸውን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁ።

«ጀመርሽ?» አሉ።

ሦስት ጊዜ ወግቻቸው ነበር።

ጎንደር ወዳለ ስፔሻሊስት ላክኋቸው። ነርቩን ለመጠገን ጊዜው አልፏል ተብለው መጡ። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አስቀድሜ አለማስጠንቀቄንም፣ ነርቩን መንካቴን መደበቄንም። ይቅር እንዲሉኝም ለመንኩ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ልጆቹን ግን ማን ያስተምራቸው?»



በዓመቱ ለክትባት ዘመቻ ደረስጌ ስሄድ ጉባኤያቸው ተበትኖ አገኘሁት። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ሣራቸው ረግፏል። እሳቸው ግንብ ሥር ተቀምጠው አገጫቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ደረቅ ነበር፣ እሳቸው ግን ማወቅ አይችሉም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ በማድረግ ብቻ መለሱልኝ።