ወንዝ ተሻጋሪዎቹ አይጦች

ሥራዬ አይጥ መያዝ ነው። ይህን ስናገር ሰው ወዲያው መርዝ ይታየዋል፤ እኔ ግን የምይዘው ልገድል አይደለም። እይዛታለሁ፣ እመዝናታለሁ፣ የጅራቷን ርዝመት እለካለሁ፣ ከጆሮዋ ጫፍ የምስር ፍሬ የማታህል ቅንጣት እቆርጣለሁ፣ ቁጥር ያላት የብረት ጉትቻ አደርግላታለሁ፤ ከዚያ በክብር ቤቷ ድረስ እሸኛታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት የገዛ ወጥ ቤቴን አይጥ መያዝ አቅቶኝ ባለቤቴ ድመት አመጣች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ድመቷን እያሳየች፣ "እሱ የውጭውን ነው የሚሠራው፤ የቤቱን ሥራ የያዘችው እሷ ናት" ትላለች።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት አውቄበት አይደለም። የምርምር ጣቢያው አትክልተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ስሄድ ቦታው ባንድ ቀን ቀድሞኝ ተይዟል። የቅጥር ሹሙ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "አይጥ ትፈራለህ?" አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "በጭራሽ!" አልኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቴ ተነከስኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግቢውን በጩኸት ያናወጥኩት እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ "የአይጥ አባት" የሚል ስም አወጣልኝ። የባለቤቴ ዘመዶች ግን ስለ እኔ ሲጠየቁ "ምርምር ላይ ነው" ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም።

ጣቢያችን ወንዝ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ከወንዙ ወዲህ የሣር ሜዳ አለ፤ ከወንዙ ወዲያ ድንጋያማ ተዳፋት። ወደዚያ ለመሄድ ጠባቡን የእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ሁለት መቶ አርባ የድንጋይ ደረጃ መውጣት ነው። ማታ ማታ የቆርቆሮ ሳጥኖቹን በሁለቱም ወገን እደረድራለሁ፤ ውስጣቸው የኦቾሎኒ ቅቤ በአጃ ለውሼ አስቀምጣለሁ። ጠዋት የተያዙትን በጨርቅ ከረጢት ሰብስቤ ጣቢያው አመጣለሁ። ተለክተው ሲያበቁ እያንዳንዷ አይጥ ወደተያዘችበት ጉድጓድ አፍ ትመለሳለች። ይህ የማይሻር ሕግ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር በቀይ ቀለም ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈውታል። ወዲያና ወዲህ ከተቀላቀሉ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚኖር ጭራሽ ማወቅ አይቻልም።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ለዶክትሬቷ ወደ ጣቢያችን መጣች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ የወዲህና የወዲያ አይጦች አሁንም አንድ ቤተሰብ ናቸው? ወይስ ወንዙ ለዘመናት ለያይቷቸው ባዕድ ሆነዋል? የጆሮ ቅንጣቶቹ ላቦራቶሪ ሄደው ዘረመላቸው ሲነበብ እናትም፣ አባትም፣ የአክስት ልጅም ይለያል። "ጋሼ፣ ይቺ ቁራጭ ማለት መታወቂያ ናት" አለችኝ። ከአትክልተኛው እስከ ፕሮፌሰሩ አንተ የሚለኝ ጣቢያ ውስጥ እሷ ብቻ እርስዎ ትለኛለች። ደግሞ አስተያየቴን ትጠይቀኛለች። እኔም ስለማውቀውም ስለማላውቀውም ሳልሰስት ሰጠኋት።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ጤና ጣቢያ መርፌ ወጉኝና ደረጃ አትውጣ አሉኝ። ለልጅቷ መንገር ነበረብኝ፤ ግን "የእኔ ጉልበት የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጉልበት ነው" ብዬ ስፎክርባት ከርሜ አሁን በምን አፌ ልናገር? ጠዋት እያነከስኩ ወጥቼ እሰበስባለሁ። መርፌ የምወጋ ዕለት ግን ለመልቀቅ ዳግመኛ መውጣቱ አቃተኝ። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የወዲያ ማዶዎቹን ከጣቢያው ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ለቀቅኳቸው። "እዚህ ይሻላችኋል፣ ሣሩም ለምለም ነው" አልኳቸው፤ የተሻለ ቤት የሰጠሁ ያህል ደስ እያለኝ። መዝገቡ ላይ ደግሞ በእርሳስ "በቦታዋ ተለቃለች" ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቴ ሲሻለው ነገሩን ረሳሁት።

በዓመቱ ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ! ይሻገራሉ! ወንዙን ይሻገራሉ!"

ወዲያ ማዶ ጉትቻ ያደረግንላቸው አይጦች ወዲህ ተይዘዋል። ላቦራቶሪውም ከወዲህ ከተያዙት ግልገሎች አምስቱ የወዲያ ማዶ ልጆች ናቸው ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ አጥር ነው ሲባል የኖረው ወንዝ አጥር አይደለም ማለት ነው። እሷ ትዘላለች፣ እኔ የጉትቻ ቁጥሮቹን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ካቡ ሥር የለቀቅኳቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጡና ወንዙን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልምድ ያለህ ሰው ነህ። እንዴት ነው የሚሻገሩት?"

እዚህ ጋ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? "አንዷን ስትዋኝ አይቻለሁ።" ይህ እንዳይበቃኝ በሁለት እጄ አዋኘኋት። ልጅቷ እያንዳንዱን ቃል ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትልልቅ ሊቃውንት በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ልታቀርበው ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፏም በዚሁ ግኝት ላይ ተመሠረተ፤ ዶክትሬቷን በዚያ ዓመት የምትጨርሰው በእሱ ነው። እኔ እህል አልበላ አለኝ። ባለቤቴ ምን እንደነካኝ ስትጠይቀኝ ዘረገፍኩት።

"ስንቱን ነው ያሻገርከው?" አለችኝ።

"አሥራ አንድ።"

"እና ልጅቷ በዚህ ነው የምትደሰተው?"

"በጣም።"

"ታዲያ ነገ ሰው ፊት ስትዋረድ ተነስተህ ምን ልትል ነው? ዋና ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ልትል?"

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ሚዛኑ ጋ ቆማ ከረጢት ውስጥ ያለች አይጥ ትመዝናለች።

"ልጄ፣" አልኳት፣ "በዋና አይደለም የሚሻገሩት።"

"በምንድን ነው ታዲያ? በድንጋዩ ላይ እየዘለሉ?"

"በእኔ ከረጢት ነው።"

ሳቀች። ቀልደኛ ነኝ ብላ ታስብ ስለነበር ከልቧ ሳቀች። ሳቋ እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቅን የመሰለ ቅጣት በሕይወቴ አላየሁም። ፊቴን አየችና ከረጢቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስንት?"

"አሥራ አንድ።"

"የትኞቹን?"

የሕክምና ካርዴን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ስድስት የመርፌ ቀን ተጽፎበታል። ከመዝገቡ ጎን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። ተሻገሩ ያለቻቸው በሙሉ በእነዚያ ስድስት ቀናት የተያዙ ናቸው።

"ስትዋኝ ያዩዋትስ?"

"አላየሁም።"

"በእጅዎ አሳይተውኝ ነበርኮ።"

"አሳይቼሽ ነበር" አልኩ።

መዝገቡን ይዛ ወጥታ ሄደች። እኔ አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ሰው፣ አይጥ በተሞላ ክፍል ውስጥ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ከረጢት አንስቼ፣ ቁጥሯን አይቼ፣ ሁለት መቶ አርባውን ደረጃ ወጥቼ ጉድጓዷ አፍ ላይ ለቀቅኳት።

ልጅቷ ጉባኤው ላይ ማቅረቧን ሰረዘች። ምርቃቷም በአንድ ዓመት ተራዘመ። ፕሮፌሰሩ ሊያባርሩኝ ሲሉ እሷ ለምና አስቀረችኝ፤ ወጥመዶቹ ያሉበትን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም ብላ ነው። ያን ዓመት ሙሉ ግን ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች እያንዳንዱን ከረጢት ስፈታ ቆማ አየች። ጋሼ ማለቱንም እርስዎ ማለቱንም አልተወችም። አስተያየቴን መጠየቅ ግን ተወች። ቢያባርሩኝ እንዲህ አያመኝም ነበር።

ጽሑፏን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ባለቤቴ የተኮሰችልኝን ኮት ለብሼ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱን አይጦችና ልጆቻቸውን አውጥታ ስታሰላው፣ ወንዙ እውነትም አጥር ሆኖ ተገኘ። አስረድታ ስትጨርስ ከሌላ ቦታ የተጋበዙት ፈታኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

"እነዚህ አሥራ አንዱ ያለቦታቸው እንደተለቀቁ በምን አወቅሽ?"

"የመስክ ባልደረባዬ ነገሩኝ።"

"ባይነግሩሽስ?"

"አላውቅም ነበር። እርስዎም አያውቁም ነበር።"

"የቀረውን የመዘገቡትም እሳቸው ናቸው። እሱን በምን ታምኛለሽ?"

እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"የራሳቸውን ጥፋት ከነቀኑ አምጥተው የሰጡኝ ሰው ናቸው" አለች። "እሳቸውን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? ያው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ይጠይቋቸው።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሳሁ።

"ያልነገሯት ሌላ አለ?" አሉኝ ፈታኙ።

የለም ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ያንን ቃል ዝም ብዬ ልለው ፈራሁ። ያን ክረምት ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሬ የት የት እንደለቀቅኳቸው እያስታወስኩ በጣቶቼ ቆጠርኩ፤ ጣት ሲያልቅብኝ ከአውራ ጣቴ እንደገና ጀመርኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቆጥሬ እስክጨርስ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ።