ቆሞ የሚናገር ሽማግሌ

ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ሬዲዮ ከገበያ ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ በእኔ እጅ ያላለፈ ሬዲዮ ካለ ባለቤቱ ደብቆት ነው። ክዳኑን ሳልከፍት፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ምኑ እንደተበላሸ እናገር ነበር። ከእብናትና ከገሳይ ድረስ ሰው የሚመጣው ይህን ጆሮዬን ብሎ ነው። ሕመሙ ሌላው አካሌ ሁሉ እያለ ጆሮዬን መምረጡ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የጀመረኝ ሱቄ ውስጥ ነው። ግራ ጆሮዬ ውኃ የገባበት ይመስል ድፍን አለ። ቀጥሎ ጣቢያ እንዳልያዘ ሬዲዮ ይጮህ ጀመር። ከዚያ መደርደሪያው፣ በሩ፣ ውጭ የቆመው ባጃጅ ሁሉ ዞረ። ወለሉ ላይ ተዘርሬ የጠረጴዛውን እግር እንደያዝኩ አስታወከኝ። ያየኝ አላፊ አግዳሚ በጠዋቱ ጠጥቷል አለ።

ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ሕመሙ የውስጥ ጆሮ እንደሆነ፣ ስሙም ሜኒየር እንደሚባል ነገረኝ። በውስጥ ጆሮ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ ሚዛን ያስታል አለ። ክኒን አዘዘልኝና፣ «አባት፣ ጨው በጣም ይቀንሱ፤ ቡናና መጠጥም እንደዚሁ። ምግብ በሰዓቱ ይብሉ፣ ውኃም ቀኑን ሙሉ በመጠን በመጠን ይጠጡ። የሚረዳው ሰው አለ፤ የማይረዳውም አለ። ጆሮዎ ውስጥ ግን ማንም ምንም እንዳይጨምርበት» አለኝ። ይህን ያለው ነጭ ሽንኩርት በዘይት አፍልቼ ልጨምርበት እንደነበር ስለነገርኩት ነው።

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ እስከ ጥጉ ነው የምሄደው። ቤት እንደገባሁ የጨው ዕቃውን ከገበታው አስነሳሁና ለባለቤቴ፣ «ከእንግዲህ ወጥ ላይ ጨው የሚባል እንዳትጨምሪ» አልኳት። ቡና ተውኩ፤ ጠላና አረቄም ተውኩ። ሲያጥወለውለኝ ዝንጅብል በሙቅ ውኃ እጠጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ከእኔ ተማረ። ወጣችን ያለ ጨው እንደዚያ መጣፈጡ ሲያስገርማቸው፣ «ነገሩ ያለው ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ነው፤ መጠኑን እኔ ነኝ ያሳየኋት» እል ነበር። ማዞሩ ግን በየጊዜው እየመጣ ይጥለኛል።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ ሰው አለ። ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ስለሆነ አበልጄ ነው። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ «አበልጅ፣ ያንተ ነገር እኔንም ያዘኝ መሰለኝ» አለኝ። እሱም ባሕር ዳር ሄዶ ያንኑ ስም ይዞ ተመለሰ። እንደ ቆሎ ተማሪ ፊቴ አስቀምጬ ከጨው እስከ ዝንጅብል ያለውን ሁሉ አስጠናሁት።

እሱ ተሻለው።

ይህን በቀና ልብ ተቀበልኩ ብል ውሸት ነው። መስኮቴ በቀጥታ ወደ በረንዳው ያያል። እኔ ከመደርደሪያዬ ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ማለት ስፈራ፣ እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨርቅ ይሰቅላል። ራሱን ያዞረው ሁሉ፣ ደም ግፊት ያለበትም፣ ቁርስ ያልበላም፣ በረንዳው ላይ ይኮለኮላል። «ጨው ተዉ» ሲል በእኔው ቃል፣ ጣቱን እንኳ እኔ እንደማነሳው አንስቶ ነው። ከዚያ ይስቃል። ግራ ጆሮዬ ሌላ ድምፅ መለየት ትቷል፤ ያ ሳቅ ግን ይገባዋል።

ባለቤቴም በዚያ ሰሞን፣ «አበልጃችንን ብትጠይቀው ምን አለበት?» አለችኝ።

«ያስተማርኩትን ሰው ልጠይቅ?»

«ተማሪው ሲበልጠው አስተማሪ ደስ ይለዋል ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«እንጃ፤ ያልተበለጠ ሰው ይሆናል።»

በዚህ መሃል የልጅ ልጄ አንበሳሜ ያለች ልጅ ሊያገባ ሆነና ሽማግሌ መላክ ግድ መጣ። በእኛ አገር ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቤት ገብቶ አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳያልቅ አንቀመጥም» ብሎ ቆሞ ይናገራል። የልጅቷ ወገን ደግሞ ሆነ ብሎ ያቆማል፤ ቶሎ እሺ ማለት ልጅቷን ማቅለል ይመስለዋል። በዚህ ሰፈር የመጀመሪያውን ቃል የምናገረው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ዳኛ የማይደፍረውን አባት በምሳሌ ፈትቼ፣ አስቄ፣ ልጅቷን አሰጥቻለሁ። አንድም ቤት እንቢ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠና ጫማውን እያየ፣ «አባባ፣ መንገዱም አድካሚ ነው፣ መቆሙም አለ። እርስዎ እዚሁ ይመርቁን። ንግግሩን የክርስትና አባቴ ይያዙት» አለኝ።

«ይሁን» አልኩት። አፌ ነው ያለው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት አበልጄ ቤት ሄድኩ። ምክንያቴ የጠገንኩለት ሬዲዮ ደህና መሥራቱን ማየት ነበር፤ የምፈልገው ግን ምን እየበላ እንደዳነ ማወቅ ነው። ከእኔ የደበቀው ሥር ወይም ቅጠል መኖር አለበት ብዬ ነበር። ሽሮ ቀረበ። ጎርሼ ስውጥ ገለባ የዋጥኩ መሰለኝ። እሱን አየሁት፤ በደስታ ይጎርሳል።

«ይሄ ወጥ ምን ነካው?» አልኩት።

«ምንም አልነካውም፤ ጨውም አልነካው» አለና ያንን ሳቁን ሳቀ።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ለእሳቸው በርበሬውንም ሽሮውንም ለብቻ ያለ ጨው ነው ያስፈጨሁት። እናንተስ ቤት እንደዚሁ አይደል?»

«እሱማ ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ነው፤ አስተማሪዬ እኮ ነው» አላት አበልጄ። የምሩን ነበር።

«እንዴታ» አልኩና ገበታውን እንደ መድኃኒት ጨረስኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች። «በርበሬያችን ጨው አለበት?»

«ጨው የሌለው በርበሬ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ይገባበታል።»

«ሽሮውስ?»

«ሽሮውም።»

«ጨው እንዳትጨምሪ አላልኩሽም?»

«ወጥ ላይ አልከኝ። ወጥ ላይ ጨምሬ አላውቅም። ደግሞ በርበሬው ሲደለዝ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ዝንጅብል ስትልጥ አልነበር?»

ነበርኩ። አዲስ በርበሬ አስገዛሁና ወፍጮ ቤት ድረስ ራሴ ሄድኩ። ከእኛ በፊት የሰው በርበሬ ተፈጭቶ ነበር፤ እሱም ጨው አለበት። ስለዚህ ባለወፍጮውን፣ «መጀመሪያ ይሄን ገብስ ፍጭልኝና ድንጋዩን አጽዳው» አልኩት። አበልጄ ይህን አላሰበውም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ምላሴን መጀመሪያ ከበደው፣ ኋላ ለመደ። ድንቹን በሎሚና በጤና አዳም መብላት ጀመርኩ። ማዞሩ እየራቀ ሄደ፤ ቢመጣም ሳይጥለኝ ያልፋል። ሐኪሙ፣ «ጨው መቀነሱ ረድቶ ይሆናል፤ ሕመሙ ራሱም አንዳንዴ ያርፋል» አለ። ይበል። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ከወራት በኋላ የሽምግልናው ቀን ደርሶ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ለልጄ፣ «የመጀመሪያው ቃል የእኔ ነው» አልኩት። መልስ ፍለጋ አበልጄን አየ። አበልጄም፣ «እሱ ይናገር፤ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ» አለ። የራሴን ነገር ለራሴ ሲፈቅድልኝ ደሜ ፈላ።

አንበሳሜ የልጅቷ አባት ቤት ገብተን ቆምን። ተቀመጡ ተባልን፤ አልተቀመጥንም። ንግግሬን በምሳሌ ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ከጓዳ ሲስቁ ሰማሁ። አባትየው ግን አልሳቀም። እንደ ልማዱ ሊያቆመን ነው። እኔ የልጁን ዘር ስቆጥር ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ጩኸቱ ተነሳ። ቤቱ ሊዞር ሲል ዓይኔን ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ ተከልኩ። ከዚያ የአበልጄ ትከሻ በጋቢው ሥር መጥቶ ብብቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ማንም አላየውም። እሱን ተደግፌ የዘሩን ቆጠራ ጨረስኩ፣ መረቅሁም። አባትየውም፣ «እንግዲህ ተቀመጡ፤ ልጃችን ልጃችሁ ናት» አለ።

ምግብ ሲቀርብ እኔና አበልጄ ከየኪሳችን ቅቅል ድንች አወጣን። የቤቱ ሰዎች ፊታቸው ተለወጠ፤ ሽማግሌ የሰው ገበታ ሲንቅ መስሏቸው። ምክንያቱን ለማስረዳት አፌን ስከፍት አበልጄ ቀደመኝ። «ሐኪም ጨው ከልክሎን ነው፤ አትቀየሙን። እኔማ ከወደቅሁበት የተነሳሁት በዚህ ሰው ነው። እሱ ባያስተምረኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር» አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ንግግሬ ያነሳ የለም። ሽማግሌዎቹም ልጄም ያወሩት ስለ አበልጄ ብቻ ነበር። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው፤ የተደረገለትን የማይረሳ፤ ክብሩን ለሌላ የሚሰጥ፤ እንደሱ ያለ ዛሬ የት ይገኛል። አበልጄ «ኧረ ተዉ» ይላል። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ደህናውን ጆሮዬን በመስታወቱ ላይ አስደግፌ ግራውን ለእነሱ ሰጠኋቸው። ቢሆንም ሳቁ ይሰማ ነበር።