እናቴ የጠረገችው በረዶ

ባለፈው እሑድ ሻንጣ ልዋስ እናቴ ቤት ሄጄ ጋራዡን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ የቤንዚን ሽታ ነው። አዲስ ቤንዚን አይደለም፤ ዓመታት ተቀምጦ የጎመዘዘ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚል ዓይነት። ጥግ ላይ ያለውን ሰማያዊ ሸራ ገለጥ አደረግኩት። ማሽኑ እንዳለ አለ። ብርቱካናማ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ጎማዎቹ ብቻ ትንሽ ተንፍሰዋል። አንድ ጠዋት ብቻ የሠራ ማሽን ምኑ ያረጃል?

ዳላስ አካባቢ የሚኖር ሰው ስኖ ብሎወር አለው ብልህ ትስቃለህ። ሳቅ፣ ያኔም ያልሳቀ አልነበረም። በረዶ በዓመት አንዴ፣ ያውም ከመጣ፣ መጥቶ በማግስቱ በሚቀልጥበት አገር በረዶ የሚገፋ ማሽን ልግዛ ማለት ለወሬ የተመቸ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት የእናቴ ወዳጅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቀጥሎ ደግሞ መርከብ ግዢ፤ ጎርፍም ይመጣ ይሆናል" አለቻት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ምክንያት ነበራት። ሜስኪት ከነበርንበት አፓርትመንት ወጥተን ግሬፕቫይን ጫፍ ላይ ቤት ስንገዛ፣ አባቴ ቤቱን የመረጠው በድራይቭዌዩ ነው። ሳሎኑን ሳያይ ከመንገዱ እስከ ጋራዡ ያለውን ሲሚንቶ እየተራመደ ለካው። "ደስታም ይምጣ ኀዘን፣ ሰው ፓርክ የሚያደርግበት አያጣም" አለ። ረጅም ነው፤ ከመንገዱ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣና ቤቱ ፊት ሲደርስ ሜዳ ይሆናል። በገባን በመጀመሪያው ዊንተር ያ ሽቅብ በረዶ ጋገረ። እናቴ ወደምትሠራበት ሆቴል ልትሄድ ስትወጣ ተንሸራታ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። አባቴ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበር፤ እኔ ተኝቻለሁ። እየዳኸች ነው በሩ ድረስ የመጣችው።

ዓመት ዞሮ ደግሞ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። ስንት ጊዜ ተከልክላ ስንት ጊዜ ተለቅሶ በመጨረሻ ቪዛው ተሰጣት፤ ቲኬቷም ለሚቀጥለው ወር ተቆረጠ። ዳሌዋን ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትሄደው። እናቴ ያንን ሽቅብ በመስኮት እያየች፣ "እማዬ እዚህ መጥታ ከምትወድቅብኝ፣ እኔ ሰው ይሳቅብኝ" ትል ነበር።

አባቴ ግን እንቢ አለ። "ማለቴ፣ አካፋ አለ፣ ጨው አለ። ለአንድ ቀን በረዶ ማሽን?" ይላል። እሷ ታነሣለች፣ እሱ ይጥላል፤ እንዲህ ሲነታረኩ ጥር ገባ።

አያቴ የሞተችው ሰኞ ነው።

ያን ጊዜ ሃይስኩል ልጨርስ ወራት የቀሩኝ ልጅ ነበርኩ። ከክፍል ስወጣ አባቴ የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በሥራ ሰዓት አይቼው ስለማላውቅ ገና ሳልደርስ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ። ነገረኝ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ለእናትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አለ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ቅዳሜ።"

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻም አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይመጣሉ፣ ሴቶች በግራና በቀኝ ይይዛሉ፣ ቤቱ በሰው ከሞላ በኋላ ነው የሚነገረው። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠራ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ አልጠላውም። ግን እዚህ አንዱ ዌርሃውስ ሺፍት አለው፣ አንዱ መኪና ይነዳል፣ አንዷ ሕመምተኛ ትጠብቃለች። ስለዚህ መርዶም ዊክኤንድ ይጠብቃል። ሰኞ የሞተች እናት ለልጇ የምትሞተው ቅዳሜ ነው። ይህንን ሳስብ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ምን እንደምትል ተነግሯታል። እናቴ ስትደውል፣ "እማዬ ጠበል ገብታለች፤ ለመንገዷ ልትጸልይ ነው፤ ስልክ አልያዘችም" አለቻት። እናቴም አመነች። ደስ ብሏት አመነች።

የዚያኑ ቀን እራት ላይ አባቴ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣ "እሺ፣ ማሽኑ ይገዛ" አለ።

እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። "ምን ነካህ አንተ?"

"ምንም። አስቤበት ነው።"

ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ይኸው እጄን ሰብሮ ማሽን ሊሰጠኝ ነው" አለችና ሳቀች። አባቴ ውኃ ልጠጣ ብሎ ተነሥቶ ቧንቧውን ከፍቶ ብዙ ቆመ።

ሳምንቱን ሙሉ ማሽን መረጥን። የእናቴ እንግሊዝኛ ለሆቴሉ ይበቃል፤ ለሞተር ግን አይሆንም። ሶፋው ላይ ጎኔ ቁጭ ትልና፣ ሰዎች ስለየማሽኑ የጻፉትን እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ። በባትሪ የሚሠራው ጸጥተኛ ነው፤ ግን ረጅም ድራይቭዌይ ሳይጨርስ ይደክማል። ትንሹ የቤንዚን ማሽን ለስስ በረዶ እንጂ ለሽቅብ አይሆንም፤ በጉልበትህ መግፋት አለብህ። ትልቁ ጎማው በራሱ ይሄዳል፤ በረዶውን አንዴ ይፈጭና አንዴ ወደ ጎን ይወረውራል። እኔ እሱ ይበዛብናል አልኩ። እሷ ግን ሁሉንም የምትለካው በአንድ ነገር ነበር።

"ስፋቱ ስንት ነው? እማዬን ክንዷን ይዤ ጎን ለጎን ያስኬደናል?"

"ሁለቴ ከተመላለስሽበት ያስኬዳችኋል" እላታለሁ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ።

"ኦኬ። እስከ በሩ ድረስ ግን ይደርሳል? ደረጃው ጋ አይቆምም?"

እዚያው ቁጭ ብዬ ስለ ደረጃ ያወራሁላት እግር ከተቀበረ ሰንብቷል።

በጣም የከፋው ግን የሰዉ ደግነት ነው። የሳቀባት ሁሉ መደወል ጀመረ። ስለ መርከብ የቀለደችው ሴትዮ ራሷ ደውላ፣ "ትልቁን ግዢ እንጂ የኔ እኅት፣ ምን ታቅማሚያለሽ" አለቻት። ሌላዋ ምሳ ሠርታ ይዛ መጣች፤ እናቴን እያየች ዓይኗ እንባ ሲያቅርር፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ነው አለች። እናቴ በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና፣ "አየሽ? ገባቸው!" አለችኝ። በሕይወቷ እንደዚያ ሳምንት ተወድዳ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እንዲህ ነው።

እኛ አካባቢ ያሉት ሱቆች ማሽኑን አይዙትም። አንድ ፍሪስኮ ያለ ሱቅ ደውዬ ስጠይቅ ሻጩ፣ "የት ነው የምትኖሪው፣ እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ከባድ መኪና የሚነዳ የአባቴ ጓደኛ ዴንቨር ጭነት ሊያራግፍ ሄዶ ነበርና ከዚያ ሊያመጣልን ሆነ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ በቪዲዮ ማሽኖቹን እየዞረ አሳያት። እሷ፣ "እሱን አዙረው፤ የጎማውን ጥርስ አሳየኝ፤ እጀታው ይሞቃል ወይ?" እያለች አደከመችው። የራሱን ፊት ግን አንዴም አላሳየንም።

"ፊትህን አሳየን እንጂ ላመስግንህ!"

"የፊቱ ካሜራ ተበላሽቷል" አላት።

ብርቱካናማውን መረጠች፤ ትልቁን። ዓርብ ከሰዓት አመጣው። ከአባቴ ጋር መሬት መሬት እያዩ አወረዱት። እናቴ ግን በዙሪያው እንደ ሕፃን ስትሽከረከር ቆየችና ስልኳን ሰጥታኝ ቅረጪኝ አለች። ማሽኑን ተደግፋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ "እማዬ፣ ይኸውልሽ መንገድ ጠራጊሽ። ከጠበል ስትወጪ እዪው። አንቺ ብቻ በሰላም ነይ" አለች። ለአክስቴ ላከችው። አክስቴ ቪዲዮውን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እንደከፈተችው ኋላ ነገረችን። የመለሰችው አንድ ቀይ ልብ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስነቃ ቤቱ ዝም ብሏል። አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ስለምንኖር ዝምታ አናውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድም የሚነሣ አልነበረም። መጋረጃውን ገለጥኩት። ትንሽ ብናኝ ይጥላል የተባለው በረዶ ቁርጭምጭሚት አልፎ ወርዷል፤ ብርሃኑ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው። ወደ ኩሽና ስሄድ አባቴ ጥቁር ሱሪውን ለብሶ ስልክ እያነጋገረ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

"ሰፈሩ መግቢያ ደርሰናል፤ ያሳሰበን ያንተ ድራይቭዌይ ነው። አሮጊት ሽማግሌ ይዘን ያንን ሽቅብ እንዴት እንወጣዋለን? እንግዲህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብናደርገውስ?"

አባቴ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዞረ። የፈለገውን አውቃለሁ፤ እኔም የፈለግኩት እሱኑ ነው፤ እሺ በል፣ አባዬ፣ እሺ በል። ያኔ ከውጭ ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ከዚያ አጓራ። አባቴ በመስኮቱ አየና ዓይኑን ጨፈነ።

"ኑ፣ ጋሼ" አለ። "እየተጠረገ ነው።"

"ማን ነው የሚጠርገው?"

"ግድ የለዎትም፤ ኑ።"

ለባብሼ፣ ጫማ ፈልጌ እስክወጣ ሩብ ሰዓት ሄደ። እናቴ የኔን አሮጌ ጃኬት ደርባ፣ የሆቴሉን ጫማ ተጫምታ፣ ሽቅቡን ከታች እስከ ላይ ጨርሳ ሜዳው ላይ ደርሳለች። በረዶው ከአፉ እየወጣ እንደ ዱቄት ሣሩ ላይ ይበተናል። ጥቁሩ ሲሚንቶ ንጹሕ ሆኖ፣ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ሁለቴ ተመላልሳበታለች፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ስታየኝ እጇን አወዛወዘች። "እዪው! እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው!" ብላ በሞተሩ ላይ ጮኸች። ጉንጯ ቀልቶ አሥር ዓመት ልጅነት ጨምሮላታል።

የቀራት ከሜዳው እስከ በሩ ያለው ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነበር፤ አያቴ ከመኪና ወርዳ የምትሄድበት።

ሰዎቹ መኪናቸውን መንገዱ ላይ ትተው በእግራቸው ወጡ። ሰብሳቢው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እሷ በጠረገችው ላይ፣ ማንም ሳይንሸራተት። እናቴ ዞር ብላ አየቻቸውና ፊቷ በራ።

"ስኖ ብሎወሩን ልታዩ ነው የመጣችሁት? አሁንስ ሳቁብኝ እስቲ!"

ማንም አልሳቀም። ያኔ ከሴቶቹ ወፍራም ጃኬት ሥር ነጠላቸው ተዘቅዝቆ አየች። የእናቴ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ መሄጃ አጥቶ ትንሽ ቆየ። "ማነው?" አለች። ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማናትም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብነው። ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ቤቱ ዘርግተው፣ "እንግባ፣ ልጄ" አሉ። ሴቶቹ ሊይዟት ቀረቡ።

"ቆዩ" አለች። "ይቺን ልጨርስ።"

ጀርባዋን ሰጥታን ማሽኑን ወደ መተላለፊያው አዞረችው። ቀስ አድርጋ፣ ጠርዙን እየጠበቀች፣ እስከ ደረጃው ድረስ ጠረገችው። ከዚያ ተመልሳ ሁለተኛውን ስፋት ጠረገች። የኀዘን ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ በረዶው መሐል ቆሞ ጠበቃት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ እሷ አልመጣም። በሩ ጋ ስትደርስ የማሽኑን ቁልፍ አወጣች። ሞተሩ ዝም ሲል የመጀመሪያ ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ማንም ገና ምንም አልነገራትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቴን አንድ ቀን ለምን ደበቅከኝ ብላው አታውቅም። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ እሷም ለስንቱ መርዶ ጥቁር ለብሳ በማለዳ ወጥታለች። ማሽኑን ግን ማንም እንዲሸጠው አልፈቀደችም፣ ማንም እንዲነካውም አልፈቀደችም። በረዶ ሲጥል አባቴ በአካፋ ይጠርጋል።

እሑድ ዕለት ሸራውን እንደገለጥኩ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እጀታውን ነካችው፤ ይሞቃል ወይ ብላ ስንት የጠየቀችበትን። ሰብሳቢው ደውለው መርዶውን ሳምንት እናቆየው ማለታቸውን አባቴ ዘግይቶም ቢሆን ነግሯት ኖሯል፤ እኔ ማወቋን አላውቅም ነበር።

"ያን ጠዋት ትንሽ ተኝቼ ባረፍድ" አለች፣ "አንድ ሳምንት እናት ይኖረኝ ነበር።"

ሸራውን ከእጄ ተቀብላ መልሳ አለበሰችው፤ ጠርዙንም ብርድ እንዳይገባው አድርጋ ከሥሩ ወሸቀችው።